ቅዳሜና እሁድ የሚያርፈው ሞለኪውል

መጀመሪያ ይቅርታ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። የተማረ ሰው በሚያነበው በመሥሪያ ቤታችን መጽሔት ላይ ልጻፍ ብዬ መነሣቴን ሳስበው ለራሴም ይገርመኛል። ደፋር ትሉኝ ይሆናል፣ እውነታችሁን ነው። አንድ መስመር ጽፌ እስክጨርስ የቀዳሁት ሻይ ይቀዘቅዛል። ፊደሎቼም ከባድ ዕቃ እንደተሸከመ ሰው ወደ አንድ በኩል ያጋድላሉ። አዘጋጁን "ፊደሉን አስተካክልልኝ፣ ነገሩን ግን አትንካብኝ" ብዬዋለሁ። እሺ ብሏል።

ምክንያቴን ልናገር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለው የማግኔት ክፍል የምትሠራ አንዲት ዶክተር ነበረች። አሁን ለቃ ሌላ ቦታ ነው የምትሠራው። ስለ እሷ የሚወራ ቀልድ አለ፤ "ቅዳሜና እሁድ የሚያርፍ ሞለኪውል ያገኘችው" ይሏታል። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ሻይ ክፍል ውስጥ ይነገረዋል፣ ይስቃል፣ እሷን እንደ ሞኝ ይቆጥራታል። ቀልዱ ውስጥ እኔ የለሁም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ሰዎች ሲስቁ አጠገባቸው ቆሜ ባልዲዬን እያየሁ ዝም ብያለሁ። አንድ ቀን ደግሞ፣ መናገሩ ራሱ ያሳፍረኛል፣ አብሬ ስቄአለሁ። እውነቱ የተጻፈበት ቃለ ጉባኤ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቀልዱ ግን ከፎቅ ፎቅ ይዞራል። ስለዚህ እኔም የሚነበብ ነገር ላስቀምጥ አልኩ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ራሴ ትንሽ መናገር አለብኝ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፣ እትዬ ነው የምላት። ትምህርት ቤት ያስገባችኝ በሰባት ዓመቴ ነው። አንደኛ ክፍልን ከሰው ኋላ ተከልዬ አለፍኩ። ሁለተኛ ክፍል ላይ መምህሩ ሰሌዳ አጠገብ አቁሞ "አንብብ" አለኝ። ለሌላው ልጅ አርፈው የሚቀመጡት ፊደሎች ለእኔ ይንቀሳቀሳሉ። አፌ ተሳሰረ። ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱም አብሮ ሳቀ። በማግስቱ ደብተሬን ይዤ ከቤት ወጣሁና ትምህርት ቤቱን አልፌ ሄድኩ። አንድ ጎሚስታ ቤት፣ ጎማ ሲነፋና ሲጠገን እያየሁ ዋልኩ። እንዲህ እያልኩ ዓመቱን ጨረስኩት። እትዬ ጠዋት ጠዋት ፊቴን አጥባ፣ ምሳዬን ቋጥራ ትልከኛለች፤ እኔ ጎማ ሳንከባልል ውዬ እመለሳለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሬን ገለጠችው። ምንም አልተጻፈበትም። አልተቆጣችኝም። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ገጹን አንድ በአንድ እየገለበጠች እስከ መጨረሻው ሄደች። መሃል ላይ የሆነ ነገር አገኛለሁ ብላ ይሆናል። ከዚያ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ጎማ ጠግኛለሁ፣ ሲሚንቶ ተሸክሜያለሁ፣ ዘበኛም ሆኜ ነበር፤ ዘበኝነቱን የተውኩት የገባና የወጣውን መዝግብ ሲሉኝ ነው። በዚህ መሥሪያ ቤት በጽዳት ከተቀጠርኩ ነገሩ በሆነ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ባለቤቴ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከመጋባታችን በፊት ፊርማ ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ጨርቅ በምታሰምርበት ጠመኔ እየሳለች። ፊርማዬ ያምራል። ሚኒስትር የፈረመው ይመስላል ይሉኛል። የቱ ጋ የትኛው ፊደል እንዳለ ግን አላውቅም ነበር፤ እንደ ሥዕል ነው የያዝኩት። ፊደል የቆጠርኩት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ማንበብ የማይችል ሰው ብዙ ዘዴ አለው። እኔ ኮቴ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ጋዜጣ አይጠፋም ነበር። ወረቀት ሲሰጡኝ ደግሞ "መነጽሬን ቤት ረሳሁት" እላለሁ። መነጽር የሚባል ነገር ኖሮኝ አያውቅም። በጋዜጣዬ ምክንያት የማቀዝቀዣው ቴክኒሻን "ጋዜጣው" የሚል ስም አወጣልኝ። እሱን ደግሞ እኛ "በረዶው" ነው የምንለው፤ ሥራው ማግኔቱ የሚቀዘቅዝበትን ፈሳሽ ሂሊየም መሙላት ነው። ጠዋት ጠዋት ደረጃ ላይ እንገናኛለን።

"ጋዜጣው፣ ዛሬ ምን ይላል?"

"ያው ነው።"

"የትናንቱም ያው ነበር እኮ።"

"እንግዲህ ዓለም ካልተለወጠች እኔ ምን ላድርግ።"

ይስቃል፣ ያልፋል። እኔም ተንፈስ እላለሁ። በዚህ በዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።

ዶክተሯ ስትመጣ ወጣት ነበረች፣ ቀጭን፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል። የማግኔት ክፍሉ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ድብልብል ታንከር አለ። ማግኔቱ እዚያ ውስጥ ነው፤ ከማግኔቱ መሃል ደግሞ ሁለት የወርቅ ጫፎች አሉ። አንድ ቀን በረዶው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ጫፎቹ ይነካካሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይላቀቃሉ። ሲላቀቁ መሃላቸው አንዲት ሞለኪውል ትገባለች፣ አንዲት ብቻ።

"ወንዝ ላይ የተጋደመ ግንድ አስብ" አለኝ። "ኮረንቲው በዚያ ላይ ነው የሚሻገረው፣ ሌላ መንገድ የለውም።"

"ማግኔቱስ ለምኑ ነው?"

"ሞለኪውሏ ውስጥ ጓደኛ የሌለው አንድ ኤሌክትሮን አለ። እሱ ራሱ ሚጢጢ ማግኔት ነው። ስትለካው ወይ ወደ ላይ ያያል ወይ ወደ ታች፣ መሃል ቤት የሚባል ነገር የለውም። ኳንተም እያሉ የሚያደክሙን እንዲህ ያለውን ነው። ትልቁን ማግኔት ስታበራው ግንዱ ላይ የቆመው ፊቱን ያዞራል። ከዚያ መሻገሩ ይከብዳል ወይስ ይቀላል? እሷ የምትፈልገው ይህን ነው።"

"አንዴ ለክታ አትገላገልም?"

"ግንዱ ወዲያው ይሰበራላ። እንደገና ይነካካሉ፣ እንደገና ይላቀቃሉ፣ በሰዓት ሺህ ጊዜ። ሰው አጠገቡ ቢያስነጥስ እንኳን ይሰበራል።"

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዝኳት። በቃል የተነገረኝን አልረሳም።

የዶክተሯ አሠራር እንዲህ ነበር። ጠዋት ማግኔቱን ሳታበራ ትለካለች። ረፋድ ላይ ታበራዋለች፣ ኃይሉ እስኪሞላ ጊዜ ይፈጃል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ሁሉ ለምሳ ይወጣል፣ ሕንጻው ጸጥ ይላል። ያኔ ማግኔቱ እንደበራ የሚለካውን ፕሮግራም ታስነሣና የራሷ ኮቴ እንኳን እንዳይረብሽ በሩን ዘግታ ትሄዳለች።

የእኔ አሠራር ደግሞ ያንን ክፍል ሰው በሌለበት ሰዓት ማጽዳት ነው። ሰው የማይኖረው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ድሮ ከበሩ በላይ ቀይ መብራት ነበር። ሲበራ አይገባም፣ ሲጠፋ ይገባል። እሷ ከመምጣቷ በፊት መብራቱ ተቃጠለ። እሷ ስትመጣ በምትኩ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። እዚህ ሕንጻ ውስጥ ወረቀት ያልተለጠፈበት በር የለም፤ አየሁት፣ እንደ ሌሎቹ አለፍኩት። ከበሩ ጀርባ ደግሞ የምፈርምበት ቅጽ ተንጠልጥሏል። ሥራውን ያለማመዱኝ አሁን ጡረታ የወጡ እማማ ናቸው። "ልጄ፣ በቀኙ ሳጥን ላይ ምልክት አድርግና ፈርም፣ በቃ" ብለውኝ ነበር። ያኔ ቀኙ ሳጥን "ተወልውሏል" ማለት ነበር። እኔም ዓመት ከዓመት ቀኙ ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። መሃል ላይ ቅጹ ተቀየረ። ወረቀቱ ከበፊቱ ነጣ ማለቱን አይቻለሁ፤ ከዚያ በላይ አላየሁም።

አሁን ሳስበው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ቁልፌን አውጥቼ እገባለሁ። እንዳላስነጥስ አፍና አፍንጫዬን በመሀረብ አስራለሁ። ብረት ይዘህ እንዳታልፍ ብለው በቃል የነገሩኝን ቢጫ መስመር አንድ ቀን አልፌው አላውቅም። እንዲህ ተጠንቅቄ፣ ሰማንያ ኪሎ የሚመዝነውን የወለል ማሽን እሰካና አስነሣለሁ። ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይርገበገባል። አርባ ደቂቃ። ወለሉ መስታወት ይሆናል። ከዚያ መሀረቤን ፈትቼ፣ ቀኙ ላይ ምልክት አድርጌ፣ የሚኒስትር ፊርማዬን ፈርሜ እወጣለሁ። አራት ወር እንዲህ ሠራሁ።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የኮሪደሩን መስኮት ሳጸዳ ዶክተሯና በረዶው በሩ ላይ ቆመው ያወራሉ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

"ዛሬስ?" አላት።

"ዛሬማ አለ። ማግኔቱ ሲበራ ኮረንቲው ቁልጭ ብሎ ይወርዳል። ሰኞ ነዋ።"

"ቅዳሜስ?"

"ምንም። እሁድም ምንም። ማግኔቱ ያው፣ ብርዱ ያው፣ ሞለኪውሉ ያው። ዓርብ የነበረው ቅዳሜ ጭራሽ የለም። ልታመም ነው።"

"ባለፈው በበዓሉ ቀን ገብተሽ አልነበር?"

"ያኔም አልሠራም።"

"በቃ፣ አትጨነቂ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው" አለ በረዶው። "የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ደግሞ ትነግሪኛለሽ።"

"አንተ ቀልድ። ረቡዕ ገምጋሚዎች ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። እነሱ ካልተቀበሉት ሥራዬ እዚህ ያበቃል።"

ጨርቁን መስታወቱ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ቅዳሜ፣ እሁድ፣ በዓል። በዚያ ፎቅ ላይ ቅዳሜ፣ እሁድና በዓል የማይገባ ማነው? ዶክተሯ ትገባለች። በረዶው በተራ ይገባል። የማልገባው እኔ ነኝ። ወዲያው ደግሞ ራሴን ሰደብኩት፤ አንተን ማን ብሎህ ነው የሳይንስ ነገር የገባህ አልኩት። ግን አላስቻለኝም። ሁሉም ሲወጣ በሩ ላይ ያለውን ወረቀትና ከጀርባ ያለውን ቅጽ በስልኬ ፎቶ አነሣኋቸው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ማሽኗ ላይ ነበረች፣ ልጄ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ስልኩን ሰጠኋት።

"እስኪ ይህን አንብቢልኝ የኔ ልጅ። መነጽሬን…"

"'መለኪያው ሥራ ላይ ነው'" ብላ ጀመረች። "'ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ማንም ሰው በምንም ምክንያት እንዳይገባ።'"

"የሚቀጥለውስ?"

"ይሄ ቅጽ ነው። ሁለት ሳጥን አለው። በግራ 'በልኬት ሰዓት ገብቻለሁ'፣ በቀኝ 'በልኬት ሰዓት አልገባሁም'። ከዚያ ፊርማ።" ስክሪኑን በጣቷ አሰፋችው። "አባዬ፣ ይሄ ያንተ ፊርማ አይደል እንዴ?"

ባለቤቴ የስፌት ማሽኑን አቆመች።

"አባትሽ እኮ መነጽሩን ስለረሳ…" ስትል ልጄ አቋረጠቻት።

"መነጽር የለውም እኮ እማዬ። አውቃለሁ። አራተኛ ክፍል እያለሁ ካርዴ ላይ 'ወላጅ ይምጡ' ተብሎ ተጽፎ፣ አባዬ 'ጎበዝ የኔ ልጅ' ብሎ ስሞኝ ፈርሞልኛል።"

እኔ አምስት ዓመት ሙሉ እየዋሸኋት፣ እሷ አምስት ዓመት ሙሉ እያወቀች ያመነች እየመሰለችልኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እሷ ግን ስለዚያ ምንም ሳትጨምር "ታዲያ ገብተህ ነበር?" አለችኝ።

"በየቀኑ።"

"ንገራታ።"

ማክሰኞ ጠዋት ልነግራት ሄድኩ። በሯን አንኳኳሁ። "አቤት ጋሼ" አለችኝ፤ እሷ ሁልጊዜ ጋሼና እርስዎ ነው የምትለኝ። አፌን ከፈትኩና "ቆሻሻ መጣያው ሞልቷል ወይ?" አልኳት። "አልሞላም፣ አመሰግናለሁ" አለች። አመስግኜ ወጣሁ። ምን እንዳመሰገንኩ አላውቅም።

ያን ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አልገባሁም። ማሽኑን ዕቃ ቤት ቆልፌበት ከደረጃው ሥር ተቀመጥኩ። ጥፋቴን ዛሬ ከተውኩት ያለፈውም አብሮ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። ሰባት ተኩል ሲሆን ዶክተሯ ተመለሰች። ብዙም አልቆየች፣ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምነው ዶክተር?"

"ዛሬ ማክሰኞ ነው አይደል ጋሼ?"

"ማክሰኞ ነው።"

"ዛሬም የለም። ነገ ምን ይዤ እንደምቆም አላውቅም።"

ያኔ ነገርኳት። እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም፤ ዓይኔ ጫማዋ ላይ ነበር። ማሽኑን ነገርኳት፣ ሰዓቱን ነገርኳት፣ መሀረቡንም ሳይቀር ነገርኳት።

"በሩ ላይ ወረቀት አለ እኮ ጋሼ። ቅጹም ላይ ፈርመዋል። መነጽርዎን ረስተው ነው?"

"መነጽር የለኝም። ማንበብ ነው የማልችለው።"

ባለቤቴ ካልሆነች በቀር ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ዶክተሯ ወደ ክፍሉ በር ዞረች። ከዚያ "ማሽኑን ያምጡልኝ" አለች።

አመጣሁት። ማግኔቱ ጠፍቶ ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚሄደውን መስመር አሳየችኝና "ያስነሡት" አለች። አስነሣሁት። መስመሩ ወረደ። "ያጥፉት" አለች። ተመለሰ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን። ማግኔት የለ፣ ምን የለ፣ እኔና ማሽኔ ብቻ። ግንዱን የምንሰብረው እኛ ነበርን።

ዶክተሯ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ እኔ በወለወልኩት ላይ።

"ወለሉ ሁልጊዜ ንጹሕ መሆኑን አይቼ ደስ ይለኝ ነበር" አለች። "መቼ እንደሚጸዳ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የምርምር ክፍሉን ኃላፊ ራሷ ደውላ ጠራችው። የመጣው ነገሩን በስልክ ስለሰማ ከፋይል ያወጣቸውን ቅጾች በክንዱ ሥር ይዞ ነው። በረዶውና ሌሎች ሁለት ሰዎች ድምፅ ሰምተው በሩ ላይ ተኮለኮሉ።

"አራት ወር ሙሉ አለ ስትዪኝ የነበረውን አሁን የለም ልትዪኝ ነው?" አላት።

"የለም። የወለል ማሽኑ መንቀጥቀጥ ነው። ነገ የማቀርበውን እሰርዛለሁ።"

"የወለል ማሽን።" ቅጾቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ጣላቸው። "ሰባ ስምንት ቀን። ሰባ ስምንቱም አልገባሁም ይላል፣ የተፈረመ ነው። ራስሽ ያወጣሽው ቅጽ ነው። ልኬትሽ ሲበላሽብሽ በጽዳት ሠራተኛ ልታላክኪ ነው?"

እሱ ወደ እኔ ዞረ።

"ይሄ ፊርማ ያንተ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"አንብበህ ነው የፈረምከው?"

ሁሉም ያየኛል። በረዶው ያየኛል። ሰሌዳ አጠገብ እንደቆምኩ ነው የተሰማኝ።

"አዎ" አልኩ። "አንብቤ ነው።"

ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ የተውኩት እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ነው። አዎ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ያጠፋሁትን ሁሉ ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት። ይቺን ግን አውቄ ነው።

ዶክተሯ ቀና ብላ አየችኝ። በአንድ ቃል ልትጨርሰኝ ትችል ነበር፤ "ማንበብ አይችልም" ብትል ነገሩ ሁሉ ግልጽ ይሆናል፣ እሷም ነጻ ትወጣለች። አላለችም። ኃላፊው ቅጾቹን ሰበሰበ። "ነገ ሦስት ሰዓት ገምጋሚዎቹ ቢሮዬ አሉ። በዚህ በተፈረመ ወረቀትና በአንቺ ቃል መሃል የትኛውን እንደሚያምኑ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ" ብሎ ወጣ።

ሰዎቹ ሲበተኑ ደረጃው ላይ ተከትዬ ደረስኩባት።

"ለምን አልነገሩትም ዶክተር?"

"አንቺ ይበሉኝ ጋሼ፣ አባቴን ይመስሉኛል።" ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። "የእርስዎን ነገር እኔ አልናገርም። ለእኔ ብለው ነው የነገሩኝ።"

"ነገ ምን ትያለሽ ታዲያ?"

"የሆነውን። ካላመኑኝም እንግዲህ አላመኑኝም።"

ቤት ገባሁ። ልጄ "ነገርካት?" አለችኝ። "ነገርኳት" አልኩ። ውሸት አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም። እራት ቀረበ፣ ሳልበላ ተነሣሁ። ባለቤቴ ጎኔ ጋደም ብላ ምንም ሳትጠይቀኝ እጄን ይዛ ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት ከወትሮዬ ቀድሜ ወጣሁ። የሥራ ልብሴን ለበስኩ፣ ባልዲ አላነሣሁም። ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጥቼ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጸሐፊዋ "ማንን ፈልገህ ነው?" አለችኝ። "እነሱን" አልኳት። ገምጋሚዎቹ መጡ፣ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። ዶክተሯ መጣች፤ አይታኝ ቆም አለች፣ ከዚያ ገባች። በሩ ሊዘጋ ሲል ተነሥቼ ተከትያት ገባሁ።

"አንተን ማን ጠራህ?" አለኝ ኃላፊው።

"ማንም አልጠራኝም። ትናንት ዋሽቻለሁ።"

"ምኑን ነው የዋሸኸው?"

"አንብቤ ነው የፈረምኩት ያልኩትን። እኔ ማንበብ አልችልም። በሩ ላይ ያለውንም አላነበብኩም፣ ቅጹንም አላነበብኩም። በየቀኑ ገብቻለሁ። እሷ አታውቅም ነበር።"

አንደኛው ገምጋሚ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሴትየዋ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ቅጾች አንዱን አንሥታ ፊርማዬን ረጅም ጊዜ አየችው። ጆሮዬ ድረስ እየነደድኩ ነበር፤ አሁንም ስጽፈው ይነድደኛል።

"ትናንት ለምን አልተናገርክም?" አለችኝ።

"አፍሬ ነው። ዛሬም አፍሬአለሁ።"

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ዶክተሯን "ተቀመጪ" አላት። እኔን ማንም ተቀመጥ አላለኝም፤ እንደቆምኩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ያልኩት ሁሉ አሁን መሳቢያ ውስጥ በተቆለፈበት በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጻፈ።